ወታደሩን ማን ይሸከም

ከደዶ ከተማ በላይ፣ ቡና ብርዱን ፈርቶ ከማይወጣበት ዳገት፣ የማድርበት አንድ ቤት ነበረኝ። ባለቤቱ የድሮ ወታደር ነበር። እኔ ከጅማ ጨውና ሳሙና፣ ከሰርቦ ቡና ይዤ እወጣለሁ፤ ስመለስ ነጭ ሽንኩርትና ድንች አዝዬ እወርዳለሁ። ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር አብራኝ የምትኖረው ልጄ፣ «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ምን ያንከራትትሻል? አርፈሽ አትቀመጪም?» ትለኛለች። መቀመጥ መች ለመድኩና! ባሌም ወታደር ነበር። ልጅ ሳለሁ ከሰላሌ አንስቶ ከአንዱ ጦር ሰፈር ወደ ሌላው ሲያዞረኝ ኖረ። በመጨረሻ ጅማ አምጥቶኝ፣ ሳንባው አልቆ፣ እጄ ላይ ሞተ። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ወታደር ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም።

ጅማ ደግሞ አሮጌ ወታደር አይታጣም። መንግሥት ሲለወጥ ተበትነው የመጡ ናቸው። አንዱ የቡና መጋዘን በር ላይ ካፖርት ደርቦ ይቆማል፤ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ አንዱ መስጊድ ደጅ እጁን ይዘረጋል። ጡረታ ያለው አለ፤ የሌለው ይበዛል። የደዶውን ሰውዬማ ከነጭራሹ ከወታደር የሚቆጥረውም አልነበረም። ከእርሻው ላይ ሚሊሻ ብለው የወሰዱት ነው። መጀመሪያ ምሥራቅ፣ ሶማሌ ሲመጣ፤ ቀጥሎ ሰሜን። እዚያው ጠጉሩ ሸበተ። አንድ ጊዜ ከአንድ ጽሕፈት ቤት ገብቶ፣ «እርጅናው መጣ፣ ቁስልም አለብኝ፣ ምን ታደርጉልኛላችሁ?» ቢል፣ ከጠረጴዛው ኋላ ያለው ሰው «የተዋጋህለትን ሂድና ጠይቀው» ብሎ መለሰው። ይህን ሲነግረኝ ይስቅ ነበር።

«አዴ፣ የተዋጋሁለት እኮ ከኔ ቀድሞ ሮጧል። በዚህ እግር የት እደርስበታለሁ?»

አዴ በኦሮምኛ እመቤት እንደ ማለት ነው። በዕድሜ ትንሽ እበልጠዋለሁና አንድም ቀን አንቺ ብሎኝ አያውቅም።

ሰሜን ሳለ ሞተ ተብሎ ወሬ መጥቶ ነበር። መንደሩ ተሰብስቦ አለቀሰለት፣ ሰደቃ አወጣለት። ሚስቱም የሐዘን ጊዜዋን ጨርሳ ሌላ አገባች፤ ልጆቿን ይዛ ወደ ሊሙ ሄደች። እሱ ከስንት ዘመን በኋላ ዱላ ተደግፎ ዳገቱን ሲወጣ፣ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች አዩትና ጅኒ ነው ብለው እንስራቸውን ጥለው ሸሹ። «ኧረ ቁሙ! ጅኒ መቼ ያነክሳል!» እያለ ተከተላቸው። አንዲቷ ዞር ብላ «ሙት ነህ፣ ለቅሶህን በልቻለሁ!» አለችው። ይህንንም እየሳቀ ነው የነገረኝ።

ሰሜን ላይ የመታችው ጥይት ዳሌው ውስጥ ቀርታለች። ዳሌው አይታጠፍም። ወይ ይቆማል፣ ወይ ይጋደማል፤ መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚበላውም ምሰሶ ተደግፎ ቆሞ ነው። በቅሎ ላይ መውጣት የማይታሰብ ነው። በዚያው ወገን ያለው እግሩ ደግሞ እንደ እንጨት ደንዝዟል፤ ብትቆነጥጠው አይሰማውም። «ይሄ እግር ገና ከሰሜን አልተመለሰም፤ መንገድ ላይ ነው» ይለኝ ነበር።

እዚያ ዳገት መኪና አይወጣም። የታመመ ሰው በቃሬዛ ነው የሚወርደው። ሁለት ረጅም እንጨት፣ መካከሉ በጠፍር የተጠላለፈ፣ ላዩ ላይ ጋቢ። ለዚህ ሥራ መንደሩ የቃሬዛ ማህበር አለው። ጡሩምባ ሲነፋ ከየቤቱ አንድ ወንድ ይወጣል፤ እየተቀያየሩ በሽተኛውን ደዶ ከተማ፣ መኪናው ዘንድ ያደርሱታል። ሕጉ አንድ ነው፤ ትከሻ ያበደረ ትከሻ ያገኛል። ሀብታም ልክፈል ቢል አይቀበሉትም። ጡሩምባ እየሰማ ደጋግሞ የቀረ ይሰረዛል።

ወታደሩ እንደተመለሰ ሰሞን ጡሩምባ ሲነፋ እያነከሰ ወጣ። ወንዶቹ አዘኑ። «እርስዎ የአገር ሸክም ተሸክመው የመጡ ሰው፣ እኛ እያለን? ይመለሱ» ብለው መለሱት። ለሌላ በሽተኛም ወጣ፤ አሁንም መለሱት። ከዚያ ወዲያ ተወው። ከልብ ያከበሩት ነው። ቤቱ በሚሠራበት ጊዜም ሣር ያለበሱለት እነሱ ናቸው። ያ ክብር ከማህበሩ ውጭ እንዳደረገው ግን ያኔ ማንም አላሰበም፤ እሱም አላሰበም።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ገና ጭቃ ሳለ፣ በገበያ ዋዜማ ከደጁ ደረስኩ። እንደ ወትሮው በሩ ላይ ቆሞ አልጠበቀኝም። ከውስጥ ነው የተናገረኝ።

«አዴ፣ አይግቡ። ዛሬ ጎረቤት ይደሩ፤ ቤቱ ሸቷል።»

«ምን ሞቶብህ ነው?»

«እኔ ነኛ፣ ቀስ እያልኩ።»

ልስቅ ስል ሽታው ደረሰኝ። ገባሁ። እሳት ዳር ተጋድሞ እንቅልፍ ጥሎት፣ የደነዘዘው እግሩ ፍሙ ላይ ወድቆ ተቃጥሎ ነበር። ሕመም አልቀሰቀሰውም። «ጎረቤት ሥጋ የሚጠብስ መስሎኝ ምራቄን ዋጥኩ» አለኝ። ከዚያ ሰው እንዳያይበት እግሩን በጆንያ ጠቅልሎ ሰንብቷል። ውሃ አሙቄ፣ ጨው ጨምሬ፣ ጆንያውን እያራስኩ ፈታሁት። ጣቶቹ ጠቁረዋል። ጥቁረቱ ወደ ቁርጭምጭሚቱ እየወጣ ነው። እኔ ፊደልም የቆጠርኩት ካረጀሁ ወዲያ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ይህ በቅጠል የሚመለስ እንዳልሆነ ለማወቅ ዓይን ይበቃል።

«ጅማ ሆስፒታል መውረድ አለብህ።»

«በምን?»

«በቃሬዛ ነዋ።»

«አዴ፣ እኔ እኮ ማህበርተኛ አይደለሁም።»

«አከበሩህ እንጂ መች አስወጡህ?»

«ትከሻዬ አልተቆጠረም። ያልተቆጠረ ትከሻ እንደሌለ ነው።»

በማግስቱ ገበያዬን ትቼ ወደ ማህበሩ ዳኛ ሄድኩ። ረጋ ያለ ሽማግሌ ነው። ስነግረው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ያ ረቢ! በኔ ቢሆን ጡሩምባውን አሁን አስነፋ ነበር፣ አዴ። ግን ያንን ሰው ምን ብዬ ዓይኑን አየዋለሁ?»

«ያ ሰው» የሚለው አንድ የቡና ደላላ ነው። የመንደሩ ልጅ ነው፤ በቡና ወቅት ግን ሰርቦና አጋሮ ሲል ስለሚከርም፣ ጡሩምባ ሲነፋ እየቀረ ተሰረዘ። ከዚያ እናቱ በሆድ ሕመም ወደቀች። ማህበሩ ይውጣልኝ ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ፤ ሕግ ነው አሉት። በበቅሎ ጭኖ ሲያወርዳት መንገድ ላይ ኮርቻው ላይ ሞተች። ሬሳዋን ለማምጣት ግን መንደሩ በሙሉ ወረደ። ሬሳ ማህበር አይጠየቅበትም፤ ጠላትም ቢሆን ሁሉ ይሸከመዋል። ሰውየውን ያሳበደው ይህ ነው። በቁሟ አንድ ሰው ያልወጣላትን፣ ስትሞት እንጨቱን ሲሻሙባት አየ።

ዳኛው ነገሩ ለጉባኤ ይቅረብ አለ፤ ጉባኤው ደግሞ ዓርብ ከሶላት በኋላ ነው። «ዓርብ ድረስ ይህ እግር አይጠብቅም» አልኩት። «ሰው የሚሟላው ያኔ ነው፤ እኔ ብቻዬን ብወስን ማህበሩ ይፈርሳል» አለኝ። ሐሰት አልነበረም። ዓርብ እስኪደርስ እዚያው ሆኜ እግሩን ሳጥብ ሰነበትኩ። ትኩሳት ገባው። ጥቁረቱ ቁርጭምጭሚቱን አለፈ። ወታደሩ ሲቃዥ በቁጥር የሚጠሩ የጦር ጓደኞቹን ይጠራል፤ ሲነቃ ይቀልዳል።

«እንግዲያው ሞተ ይበሏቸው፣ አዴ። ያኔ እንኳን ዳኛው ደላላውም ይወጣል።»

ዓርብ ወንዶቹ ቃሬዛው ከሚሰቀልበት ዳስ አጠገብ ተቀመጡ። እኔ ዳር ቆምኩ፤ ዳኛው ያየሁትን እንድናገር ጠራኝ። ተናገርኩ። ብዙዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አንድ ጎልማሳ «ኧረ እንውጣ፣ ምን ጉባኤ ያስፈልገዋል!» ሲል ደላላው ተነሣ። ከማህበሩ የወጣ ነውና መቀመጫ የለውም፤ እንደኔ ዳር ነበር።

«ውጡ። ማን ከለከላችሁ? ግን በምን ሕግ እንደምትወጡ ንገሩኝ። እሱ ስንት ሰው ተሸከመ?»

«ቁስለኛ ነው» አሉት።

«እናቴም በሽተኛ ነበረች።»

«እሱን እኛ ነን አትሸከም ያልነው።»

«እኔንም ሆዴ ነው አትሸከም ያለኝ። ልጆቼን የሚያበላው ሰርቦ ነው፤ እዚህ ድንች ስቆፍር ብኖር ይሻላችሁ ነበር? በሕግ ነው የገደላችኋት፤ በሕግ ነው ብዬ ቻልኩ። ዛሬ ሕጉ ለሌላ ሰው ከላላ፣ እናቴን የገደላት ሕግ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ።»

ደላላው ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ ግን የወታደሩ እግር ከዓይኔ አልጠፋ አለኝና፣ ሳላስበው አፌ ተናገረ።

«እሱስ ‹ሞተ በሏቸው› ብሏል።»

አንዳንዱ ሳቀ። አንዱ «አስተግፊሩላህ» አለ። ዳኛው ግን አልሳቀም። መሬቱን በዱላው እየጫረ ቆየና ቀና አለ።

«ለዚህ ሰው አልቅሰናል?»

«አልቅሰናል።»

«ሰደቃውን በልተናል?»

«በልተናል።»

«ሬሳውን ተሸክመናል?»

እርስ በርስ ተያዩ፤ ዳኛው ራሱ መለሰው።

«አልተሸከምንም። ሬሳ አልመጣማ። ስለዚህ የዚህ ሰው ሸክም ካለቀስንለት ቀን ጀምሮ አለብን። የምንወጣው ለበሽተኛ አይደለም፤ ለሬሳ ነው። ለሬሳ ማህበር አይጠየቅም።»

ጉባኤው እፎይ ሲል ሰማሁት። ሁሉም ደላላውን አዩት። ብዙ አሰበ።

«እሺ። ለሬሳ ከሆነ እኔም ልከለክል አልችልም። ግን አንድ ሸክም ነው ያለባችሁ። ታወርዱታላችሁ፤ አለቀ። ደግሞ ነገ ሌላ ነገር እንዳትጨምሩ።»

«አንድ ሸክም፤ ማውረድ» አለ ዳኛው። ቃሉም በዱአ ታሰረ። ከማውረድ ሌላ ምን ሊኖር ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው በዚያ ቦታ አልነበረም። እኔም አላሰብኩም።

ወዲያው አነሱት። ወታደሩ አፍሮ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ፤ እሱ ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ሰው ሲሸከመው ግን አላወቀበትም። ቁልቁለቱን ስንወርድ ታችኛው መንደር ሰዎች ፊቱ የተሸፈነ ቃሬዛ ሲያዩ ከየእርሻው እየሮጡ መጡ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን!» እያሉ ትከሻቸውን አስገቡ። የኛዎቹ ደክሟቸዋል፤ ጭቃው ያንሸራትታል። ማንም «ሬሳ አይደለም» አላለም። ጋቢው ሥር ያለውም አልተናገረም። ሳሉን ሲውጥ ጋቢው ሲንቀሳቀስ አይቼ በነጠላዬ አፌን ያዝኩ።

«መቼ ነው ያረፉት?» ብሎ ጠየቀ አንዱ አዲስ መጪ።

«ድሮ» አለው የፊቱን እንጨት የያዘው ሰው።

ደዶ ላይ ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ ስለማይችል፣ ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ላይ ከጆንያዎቹ በላይ አጋደምነው። ጅማ ሆስፒታል ወጣቱ ሐኪም ገና ጋቢውን ሳይገልጥ ሽታው ነገረው።

«አባቴ፣ እስካሁን የት ነበሩ?»

«ስብሰባ ላይ» አለው ወታደሩ።

ሐኪሙ ሳቀ። ከዚያ እግሩን አየና ሳቁን አቆመ።

ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። አስታማሚ ነኝ ብዬ የቀረብኩ እኔ ብቻ ነበርኩና፣ የተቆረጠውን እንወስደው እንደሆነ እኔን ጠየቁኝ። እሱ ገና ከማደንዘዣው በደንብ ሳይነቃ «ይቀበርልኝ» አለ። በሃይማኖታቸው የሰው አካል ሜዳ አይጣልም። ሰፈራችን ያለውን ልብስ ሰፊ ጠራሁት፤ ሙስሊም ነው፣ ደግ ጎረቤት ነው። ነጭ አቡጀዲ ቀድዶ ጠቀለለው። እየተቀያየርን ይዘነው ሄድን። ከሕፃን ልጅ ይከብዳል። መቃብሩ ጥግ ላይ ጉድጓድ ከቆፈረ በኋላ ልብስ ሰፊው እጁን ዘርግቶ ቆመና ተቸገረ።

«እማማ፣ ለእግር ዱአ ይደረጋል እንዴ?»

«እኔ ምኑን አውቄ፣ ልጄ! ብታደርግ ምን ይጎዳል?»

አደረገለት። እኔም በልቤ የራሴን ጸለይኩ።

ከሆስፒታል ሲወጣ እኛ ቤት ገባ። ልጄ መጀመሪያ አጉረመረመች፤ «እማዬ፣ ወታደር መሰብሰብ መቼ ነው የምትተዪው?» አለች። በሳምንቱ ግን ጓዳው ውስጥ ተደግፎ የሚበላበት እንጨት ያስተከለችለት እሷው ናት። ደዶዎች ገበያ ሲወርዱ እየዞሩ ይጠይቁታል፤ አይብ፣ ማር፣ ገብስ ያመጡለታል። እጁን ይስሙታል። እሱ ሁሉንም የሚጠይቃቸው አንድ ነገር ነው።

«መቼ ነው የምወጣው?»

«ይሻልዎት ብቻ» ይሉታል።

ቁስሉ ሻረ። በክራንች ግቢው ውስጥ መንቀሳቀስ ቻለ። ዳገት ግን በአንድ እግር፣ በማይታጠፍ ዳሌ እንዴት ይወጣል? እኔው ራሴ ወጥቼ ዳኛውን ለመንኩ።

«አዴ፣ ወደ ላይ ተሸክመን አናውቅም» አለኝ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም አፈረ። «የዳነ ሰው በእግሩ ይመጣል። የሞተን እናመጣለን። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞን አያውቅም። ደግሞ የታሰረውን ቃል ያውቁታል፤ ማውረድ ነው የተባለው።»

ተመልሼ ለወታደሩ «መንገዱ ይድረቅ ብለዋል» አልኩት።

ፊቴን አየኝ። «እርስዎ ውሸት አይሆንልዎትም፣ አዴ።» ሌላ አልጨመረም። እየዋለ ሲያድር ግን ቀልዱ አለቀበት። አንድ ገበያተኛ፣ ዳገት ላይ ያለው ቤትዎ እሳት ስለማይነድበት ሣሩ በስብሶ ጣሪያው ወደ ውስጥ ወደቀ ብሎ ነገረው። ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ ያስጠላው ጀመር። ልጄ ሾርባ ትሠራለታለች፤ ምሰሶውን ተደግፎ ይቀበላትና ሳይቀምሰው ይመልስላታል። «ከእናንተ ምንም አልጎደለብኝም፤ ግን ይሄ ሜዳ ነው፤ ሜዳ ላይ እንቅልፍ አይወስደኝም» ይለኝ ነበር። በሚቀጥለው ክረምት፣ ማለዳ፣ ልጄ ውሃ ልታቀብለው ብትገባ ቀዝቅዞ አገኘችው።

ሽንኩርት በሚጭነው ሾፌር መልእክት ላክን። ወደ ቀትር ገደማ መንደሩ በሙሉ ደዶ ከተማ ወርዶ ጠበቀን። ያን ያህል ሰው በዚያ ዳገት መኖሩንም አላውቅም ነበር። የወረደበት ያው ቃሬዛ ነው። እየተሻሙ አነሱት፤ ዝናቡም፣ ጭቃውም፣ አቀበቱም አላስቸገራቸው። ደላላው የፊቱን እንጨት ይዞ ነበር። «ቀይረን፣ ደክሞሃል» ቢሉት እንቢ አለ፤ አቀበቱን እስኪጨርስ ከትከሻው አላወረደም። እኔ ጉልበቴ ከድቶኝ ወደ ኋላ ቀረሁ። ስደርስ ወንዶቹ ቀብረው ተመልሰዋል። ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ አለቀስኩ። የለቅሶውን ምግብ አቀረቡልኝ፤ ቀመስኩ።

በሌላ ጊዜ ለገበያ ስወጣ ዳኛው መንገድ ላይ ጠበቀኝ።

«አዴ፣ ሕጉን አሻሽለነዋል። ያረጀ፣ የቆሰለ፣ አካሉ የጎደለ ሁሉ ትከሻ እንዳዋጣ ይቆጠራል። ከማዶ ጋራ ያሉትን ሁለት የድሮ ወታደሮችም አስገብተናቸዋል። ሐሳቡን ያመጣው ደላላው ነው፤ እሱም ወደ ማህበሩ ተመልሷል።»

«ደግ አደረጋችሁ፤ እግዜር ይስጣችሁ» አልኩት። ከልቤ ነው። ከዚያ ግን ጠየቅሁት። «የወረደውን ማውጣትስ?»

«የቱን?»

«እግሩ ተቆርጦ የዳነውን። በሕይወቱ ቤቱ መግባት የሚፈልገውን።»

ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ወደ ዳገቱ አየ።

«እሱን ገና አልተነጋገርንበትም» አለኝ።